በቁሟ የተለቀሰላት ጎረቤቴ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት በቀበሌያችን አንድ ኮሚቴ ነበረን። «ተበዳዮችን የሚደግፍና ጥፋተኞችን የሚቆጣጠር የሕዝባዊ ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ» ይባላል፤ ስሙን ለመጨረስ አንድ ትንፋሽ አይበቃም። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ፣ የወጣቱ፣ የአብዮት ጥበቃው፣ ሁሉም አሉበት። እኔ አስተማሪ ነበርኩና ለእጅ ጽሑፌ ሲባል ቃለ ጉባዔ ያዥ ሆንኩ።

ጎረቤቴ ገበያ ላይ የመቂ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ባሏ አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃ ከታጠቀ ወዲህ ዱላው ብሶበታል። አንድ ቀን ክንዷን ሰበረው። የተሰበረውን ክንድ በነጠላዋ አንጠልጥላ ኮሚቴው ፊት ቀረበች።

«ቤቴ ብመለስ ይገድለኛል» አለች።

ኮሚቴው ባልየውን ግለ ሂስ አድርግ አለው። እሱም ተነሥቶ፣ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ አስተሳሰብ ስላልለቀቀው እንደመታት፣ ጥፋቱም የሱ ብቻ ሳይሆን የታሪክ እንደሆነ አስረዳ። ተጨበጨበለት። ሊቀ መንበሩማ ከመደሰቱ የተነሣ፣ ከስሕተቱ የተማረ ጓድ ለሌላው ምሳሌ ነው ብሎ እዚያው የኮሚቴው አባል አደረገው፤ የተበዳዮችን ደህንነት ተቆጣጣሪ! እሷ ደግሞ ጓድን በሰው ፊት አዋርዳለችና ይቅርታ ጠይቃ ቤቷ እንድትገባ ተወሰነ። ቀድማ እጇን ያወጣችው የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ናት። እኔም ጻፍኩ። ያኔ ያሳሰበኝ መስመሩ እንዳይጣመም ብቻ ነበር።

በሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። የኮሚቴ ሰዎች መስኮታችንን ዘጋን። የዕድሩን ድንኳን ቤታቸው የሚያስቀምጡ አንዲት አሮጊት ግን የዕድሩን ጥሩምባ ይዘው ወጡና ነፉት። ሰው ከየቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም፣ ዋቃ ይመስገን። ግን መሞቷ ካልቀረ እየሰማችን እናልቅስላት» አሉ አሮጊቷ።

ድንኳኑ ባልየው ደጃፍ ላይ ተተከለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ በስሟ እየጠሩ አለቀሱላት። ባልየው ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ለቀስተኛው አንድ በአንድ ቀርቦ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለው ጀመር። ያ ጀግና የሚገባበት ጠፋው። አሮጊቷም፣ «ይሄ ድንኳን ለሷ ነው። አንተ ስትሞት የሚተክልልህ የለም» አሉት። ሦስት ቀን ድንኳኑ አልተነሣም። በአራተኛው ቀን ዝውውር ለምኖ ወደ አርሲ ነገሌ ሄደ።

ኮሚቴው ግን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ፤ «በሕዝባዊ ድርጅቶች የተቀናጀ ጥረት ጥፋተኛው ከአካባቢው ተወግዷል» ተብሎ። እሱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ አሳምሬ።

በዓመቱ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ጎረቤቴ እኔ ክፍል ውስጥ ነበረች። ፊደሉን እንደለየች፣ «ጋሼ፣ የኔን ጉዳይ የጻፉበትን ላንብበው» አለችኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። መዝገቡን አምጥቼ ሰጠኋት። በዚያ ተሰብሮ በተጠገነ እጇ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ «ተ… በ… ዳ… ይ… ዋ… ባ… ሏን… ይ… ቅር… ታ…» እያለች እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ።»

«ሲያምር» አለችና መዝገቡን ዘግታ መለሰችልኝ። በማግስቱ ወደ ሌላ አስተማሪ ክፍል ገባች።