ከሴቶቹ ወረፋ የተገኘው ሹፌር

የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ረጋ ብሎ ስለሚነዳ ባልደረቦቹ «ዝግታ» ይሉታል። ተሳፋሪ ሲነጫነጭበት «ለቸኮለ ታክሲ አለለት» ብሎ ያስቃል።

አንድ ቀን ሲታጠብ በግራ ጡቱ ጫፍ ሥር ጠጠር የመሰለ ነገር ዳሰሰ። የመቀመጫ ቀበቶው ፈግፍጎት ይሆናል ብሎ ተወው፤ ስለማያመውም ረሳው። እያደር ግን የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። ሚስቱ ሸሚዙን ስታጥብ የደም ነጠብጣብ አየችና ነገሩ አላማራትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀበቶው ነው ባክሽ።»

«የምን ቀበቶ! በል ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ የጡት ካንሰር መሆኑን ነገረችው። ጆሮውን ማመን አቃተው።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ!»

«ወንድም ጡት አለው አባቴ። ብዙ ጊዜ ባይሆንም ይይዘዋል።»

«ምንም ሳያመኝ?»

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች። «መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ዕጢው ሲያድግ የደም ሥሮቹ አልደረሱለትም፤ መሃል ላይ ያሉት ሕዋሳት ኦክስጅን አጠራቸው። ብዙዎቹ ይሞታሉ። የተረፉት ግን እልኸኛ ይሆናሉ፤ መድኃኒት ይቋቋማሉ፣ ተነቅለው ወደ ሌላ ቦታም ሊሄዱ ይችላሉ። የእርስዎ ብብትዎ ሥር ደርሷል። ከዚያ ስላላለፈ ዛሬ ነገ ሳንል ሕክምናውን እንጀምር።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብዬ...» አለ። ሚስቱ እጁን ያዘችው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለመድኃኒት ሲመላለስ የመጠበቂያ ክፍሉን የሞሉት ሴቶች ነበሩ። አንዲት ሴትዮ «ባለቤትህ ገብታ ነው ወንድሜ?» አለችው።

«አዎ» አለ አቀርቅሮ።

አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ጎኑን ጎሰመችው። «እኔስ ታዲያ የማን ነኝ?»

«ታማሚው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

ሴቶቹ ዞረው አዩት። ሴትዮዋ ግን ጠጋ ብላ «አይዞህ፣ እንግዲህ የኛው ነህ» ስትለው ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ቦታ እየያዙ ይጠብቁት ጀመር።

ፀጉሩ ረገፈ፣ ምግብ አስጠላው፤ ቢሆንም ሕክምናውን ጨርሶ ወደ መሪው ተመለሰ። ግራ ክንዱ ቶሎ ይዝላል። የክትትል ምርመራው ሲቃረብ እንቅልፍ ያጣል።

አንድ ረፋድ ሹፌሮቹ ሻይ ሲጠጡ ሸሚዙን ከፍቶ ጠባሳውን አሳያቸው። መጀመሪያ አንዱ ሊቀልድ ሞከረ። ወዲያው ግን ሁሉም ቀስ እያሉ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ።