እንቅርቱ የጠፋለት አባ ኮዳ

ጂንካ ከሚገኘው ፎቶ ቤት ገብቶ የገዛ ፊቱን ይዞ የወጣ ሰው አላውቅም። ባለቤቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ሥነ ሕይወት ያስተማርኩት ሰው ነው፤ የማንንም መልክ እንደ ተፈጠረ መልሶ ማስረከብን እንደ ንፉግነት ይቆጥረዋል። ሙሽራን ያቀላል፤ የሽማግሌን ግንባር ልብስ ይመስል ይተኩሳል፤ ከአሪ ደጋ ለወረደ ገበሬ የአንገቱን እንቅርት አጥፍቶ ከኋላው ፏፏቴ ያፈስለታል። ገበሬውም መርቆት ይሄዳል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ልማዱ ወፎችንም እንደሚጨምር ግን አላወቅኩም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ወፍ ፎቶ ማንሳት ነው። በዚያ ዓመት ያሳሰቡኝ ከቄራው አጠገብ ባለው ትልቅ ዋርካ ላይ ጎጆ የሠሩት አባ ኮዳዎች ነበሩ። አባ ኮዳ ረጅም፣ ራሱ የተመለጠ፣ ከጉሮሮው ሥር ቀላ ያለ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ጥንብና ጥራጊ እየለቀመ ከተማ የሚያጸዳ ወፍ ነው። ኩሳቸው ከዛፉ ሥር በሚቆሙ የመሥሪያ ቤት መኪኖች ላይ ስለሚወርድ ዋርካው ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ የሰፈሩ የጽዳትና ውበት ኮሚቴም ሊወስንበት ቀን ቆረጠ። ጫጩቶቹ ገና መብረር አልቻሉም። ዛፉ ከወደቀ አብረው ይወድቃሉ።

ልናገር ብዬ ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ። ማስረጃዬ አንድ ፎቶ ነበር፦ አባ ኮዳ ከቄራው የተጣለ አንጀት ለጫጩቱ ሲያጎርስ። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ያየኸውን አሳይ፣ የተመኘኸውን አታሳይ ብሎ ነው ያሳደገኝ፤ ይህን ያየ ሰው የገዛ ከተማውን የጽዳት ሠራተኛ አያባርርም ብዬም አምኜ ነበር።

ፎቶው በትልቁ እንዲታተምልኝ ሰጥቼ፣ በስብሰባው ዕለት ጠዋት ልቀበል ሄድኩ። ባለፎቶ ቤቱ በኩራት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ከረጢቱ የለም። መላጣው ራስ ለስላሳ ላባ አብቅሏል። ሰውነቱ በዘይት ቀለም የተሳለ መስሎ ወርቅና ሰማያዊ ያብለጨልጫል። አንጀቱ የጽጌረዳ ሐረግ ሆኗል። ከኋላ ፏፏቴው ይወርዳል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ያነሷት ወፍ ናታ፣ መምህር! ኦይል ፔይንት ኢፌክት አደረግኩላት። እንቅርቷንም አጠፋሁላት።»

«እንቅርት አይደለም፤ የአየር ከረጢት ነው!»

«ለእርስዎ ከረጢት ነው፤ ለሚያያት ሰው እንቅርት ነው። ደግሞስ ሴት ልጅ መላጣዋን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች?»

«ሴት መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ልጅ እያጎረሰች አይደል እንዴ?»

በአባ ኮዳዎች ዘንድ አባትም እንደሚያጎርስ ላስረዳው አፌን ከፍቼ፣ ሰዓቴን አየሁና ዘጋሁት። «ዋናውን አትምልኝ» አልኩት። በዋናው ላይ ደርቦ ሴቭ አድርጎታል። የካሜራዬንም ካርድ ለሠርግ ቀረጻ ፈልጎት ባዶ አድርጎታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ።

ፎቶውን ከፖስታው ሳላወጣ በቃል ብቻ ለማስረዳት ወስኜ ስብሰባው ገባሁ። ሰብሳቢዋ ግን «ጋሼ፣ ፎቶ አለኝ ብለው አልነበር? ያሳዩን እንጂ» አሉኝ። አወጣሁት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ጌታ ይባረክ!» አሉ የኮሚቴው አባል የሆኑ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። «ይህቺ ወፍ እኛ አገር ነው ያለችው?»

«እዚሁ ዋርካ ላይ ነው ያነሷት?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«አዎን፤ ነገር ግን...»

«አያችሁ! በእነዚያ አስቀያሚዎች መካከል እንዴት ችላ ትኖራለች?»

ተነሥቼ ቆምኩ። በፎቶው ላይ ያለው ከእነዚያው አስቀያሚዎች አንዱ መሆኑን፣ ፎቶ ቤት ያስዋበው አባ ኮዳ መሆኑን በግልጽ ተናገርኩ። ሽማግሌው ሳቁብኝ። «መምህር፣ የልጄን የሠርግ ፎቶ የሠራው እኮ እሱ ነው። አንዲት ነገር አልለወጠባትም!» ልጃቸውን አስተምሬያታለሁ፤ መልኳንም አውቃለሁ። ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው ቀጠሉና፣ ዛፉ ቶሎ ተቆርጦ አስቀያሚዎቹ ቢበተኑ ለቆንጆዋ እፎይታ ነው አሉ። ያዳነን የሰብሳቢዋ ጥያቄ ነው፦ «ዛፉ ከተቆረጠ እሷ የት ልታርፍ ነው?» ቆንጆዋ ወፍ በኮሚቴው ዓይን እስክትታይ ድረስ ዋርካው እንዳይነካ፣ መኪኖቹም ሌላ ቦታ እንዲቆሙ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

ወዲያው ፎቶውን ይዘን ሁላችንም ወደ ዛፉ ወረድን። አባ ኮዳዎቹ መላጣቸውን ዘንበል አድርገው ቁልቁል አዩን። ሽማግሌው ፎቶውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ከእያንዳንዳቸው ጋር አመሳከሩ። አንዱ ኩሱን ለቀቀባቸው። ኮፍያቸውን በሶፍት እየጠረጉ «ዛሬ አልመጣችም» አሉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዋርካው ሥር ቆሜ ሳለ፣ ሰብሳቢዋ የተሳፈሩባት ባጃጅ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ ቆንጆዋ መጣች?»

ቀና አልኩ። ጫጩቶቹ ጎጆው አፋፍ ላይ ቆመው ክንፋቸውን እየሞከሩ ነበር፤ አንዱ ከቅርንጫፉ ብድግ ብሎ ተመልሶ አረፈ። ያን ቀን ስብሰባው ላይ የተናገርኩት እውነት ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ሌላም እውነት ነበር፤ ከዚያኛው ያጠረ፣ በውስጡም አንዲት ሐሰተኛ ቃል የሌለበት።

«እስካሁን አልመጣችም» አልኩ።

«አይዞዎት፣ ጋሼ» አሉኝ ሰብሳቢዋ። «ቆንጆ መቼም ማስጠበቅ ትወዳለች። እርስዎ ብቻ አይራቁ።»

ባጃጇ አቧራዋን አስነሥታ ሄደች፤ እኔም አልራቅኩም።