ብርጭቆ ነው የተባለው የደላንታ ኦፓል

የዚህ ጉዞ ምክንያት ታላቅ ወንድሜ ታምራት ነው። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሾርላይን ከተማ ባለው ቤታችን ልብስ እያጠፍን ነበር። ታምራት በትርፍ ጊዜው ከወሎ፣ ከደላንታ የሚመጣ ኦፓል ይሸጥ ነበር። ነጭ የጌጥ ድንጋይ ነው፤ ሲያዞሩት ቀይና አረንጓዴ ያበራል። አንዱን በቀለበት አሠርቶ ለሰፈራችን ባለሱቅ ለእትዬ ዘይነባ ሸጠላቸው።

ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሰዎች «እውነተኛ ድንጋይ ውሃ አይለውጠውም» ብለው ቀለበቱን ውሃ በተሞላ የማር ጠርሙስ ውስጥ ጨመሩት። በማግስቱ ቀለሙ ጠፍቶ ድንጋዩ ጠርቶ ተገኘ። ብርጭቆ ነው ተባለ። እትዬ ዘይነባም ለማስረጃ ከነውሃው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

«እውነት ብርጭቆ ነው እንዴ?» ብዬ ያን ቅዳሜ ታምራትን ጠየቅኩት።

ሸሚዙን አስቀምጦ አየኝ። «አንተም? ነገ ከሥራ ስመለስ ሄጄ አሳያቸዋለሁ» አለኝ።

እሑድ ጠዋት ወደ ሥራው፣ ወደ ኤቨረት ከተማ ሲሄድ መኪና ገጨው። ስለዚያ መጻፍ አልችልም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ደግ ነበር» አለ። ጠርሙሱ ግን ከመደርደሪያው አልወረደም።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ ቤልቪው ከተማ ውስጥ ድንጋይ የሚመረምር ሰው አግኝቼ ቀጠሮ ያዝኩ። ቀለበቱን ልወስድ ስሄድ እትዬ ዘይነባ «ብቻውን ከእጄ አይወጣም። ሶ፣ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ። ለየራሳችን ሁለት ዶላር ከሰባ አምስት ሳንቲም ከፍለን አውቶቡስ ተሳፈርን። ጠርሙሱን ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ደጋግሞ ያየዋል።

«ምን ያፈጣል? ዓሣ መስሎት ነው» አሉኝ።

መሀል ከተማ ወርደን ሌላ አውቶቡስ ያዝን። ሐይቁ ላይ የተንሳፈፈውን ድልድይ ስንሻገር ውሃው ከመስኮቱ ሥር ግራጫ ሆኖ ይታያል። እትዬ ዘይነባ ሳምቡሳ ሰጡኝ።

«ብላ። ብርጭቆ ነው ሲሉህ በባዶ ሆድህ አትስማው።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ አፌን እዘጋለሁ።»

«አይዝጉት» አልኩ። «በከፈቱበት ቦታ ... እዚያው ሱቁ ውስጥ ይክፈቱት።»

አዩኝና «ኦኬ» አሉ።

ቤልቪው

መርማሪው ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። ቀለበቱን ከውሃው አውጥተው ጠረጉት፤ መዘኑት፤ በማይክሮስኮፕ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በላብራቶሪ የተሠራ ኦፓል አጠገቡ አድርገው እኔን አስጠጉኝ። የተሠራው ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ እኩል እኩል ተደርድሯል። በታምራት ድንጋይ ውስጥ ደብዝዞ የቀረው ቀለም ግን ሁለት ቦታ እንኳ አይመሳሰልም። ብርጭቆ ቢሆን ክብ ክብ የአየር አረፋ ይታይበት እንደነበርም ነገሩኝ። አረፋ ፈለግኩ፤ የለም።

«ምሳ በልታችሁ ተመለሱ» አሉን። ስንመለስ ቀለበቱን እንደገና መዘኑት። ክብደቱ ቀንሷል።

«ምን አለ? ምን አለ?» እትዬ ዘይነባ እጄን ያዙኝ።

«ይሄ ኦፓል ውሃ ይጠጣል ነው የሚሉት። ሲጠጣ ይጠራል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ብርጭቆ ውሃ አይጠጣም።» ወደ ቀለበቱ አመለከትኩ። «የተፈጥሮ ነው፣ እትዬ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያሰጠምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

መመለስ

ድልድዩን ስንመለስበት ፀሐይ ወጥታ ነበር። ቀለበቱን በደረቅ መሐረብ ጠቅልለው ይዘውታል። ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኛል። አረፋ መፈለግ፣ የተደረደረ ቀለም መጠርጠር ተምሬያለሁ። ከሁሉ በላይ፣ የማያውቁትን ነገር በሰፈር ፈተና መፍረድ ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁ። እኔም ጠርጥሬው ነበር። ቤት ገብቼ ለእናቴ «ታምራት ልክ ነበር» አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደረስኩ። ቀለበቱ እትዬ ዘይነባ ጣት ላይ ነው። ጠርዙ ነጭ ሆኗል፤ መሀሉ ላይ አረንጓዴው ያበራል፣ ቀዩም ጀምሯል። እንጀራ ሊገዙ ለተሰለፉት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው አሳዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ተሳስቼ ነበር። የቀረውን እሱ ይንገራችሁ፤ ወንድሙ ነው።»

ሰው ፊት መናገር አልችልበትም። «ታምራት ብርጭቆ አልሸጠም» አልኩ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙህም፣ ልጄ» አሉኝ።

ጮክ ብዬ ደገምኩት።