ካርዱ ላይ ያልተጻፉ ጠዋቶች

በሕይወቴ የዋሸሁት ትልቁ ውሸት በሰነድ የተደገፈ ነበር። በቀን ተራ የተሰደረ፣ ፊርማ ያለበት፣ የትኛውም መርማሪ ቢያየው አምኖ የሚቀበለው ውሸት። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። ስለዚህ ራሴው ልናገረው።

ሥራዬ ዋጋ መገመት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ ከማሽኖቹ በመስታወት በተለየች ጠባብ ክፍል እቀመጣለሁ። ሰው የተሰበረ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ የወፍጮ ዘንግ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር አካል፣ ጥርሱ የረገፈ ጊር። እኔ ለክቼ ምን ዓይነት ብረት፣ ስንት ኪሎ፣ በየትኛው ማሽን ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ አሰላለሁ፤ ከዚያ ፕሮፎርማ እሰጠዋለሁ። ብረቱ አያስቸግርም፤ ሚዛን አለ። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ገና ያልተሠራን ሥራ ይህን ያህል ይፈጃል ብሎ መፈረም ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ድፍረት አላነሰኝም።

እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ዓምዶች አሉ፤ «የተገመተ ሰዓት» እና «የፈጀ ሰዓት»። የመጀመሪያውን እኔ እሞላለሁ፤ ሁለተኛውን ማሽኑ ላይ የሠራው ሰው። ወር ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ያስተያያል። ከተራራቁ ከሁለት አንዳችን አጥፍተናል ማለት ነው።

ቶርኖው ላይ የሚሠሩትን ሰው ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ብረት እያዞሩ የሚቀርጹ ሰው ናቸው። የአባታቸው ቤት የካህናት ቤት ነው፤ በልጅነታቸው ከጣና ደሴቶች በአንዱ ድቁና ተምረዋል። ከዚያ ትምህርት ሁለት ነገር ቀርቶላቸዋል፤ የማለዳውን ኪዳን ሳያደርሱ ሥራ አይገቡም፣ ጽሕፈታቸው ደግሞ ጽሕፈት ነው። በዘይት እጃቸው የሥራ ካርድ ላይ የሚያሰፍሩት ቁጥር እንኳ ብራና ላይ ሊያርፍ የሚገባው ዓይነት ነበር።

ከኮሌጅ ወጥቼ የመጀመሪያዋን ግምት ስሠራ ቀመሩን እንደ ውሃ እጠጣው ነበር። የዘንጉ ርዝመት፣ ማሽኑ በደቂቃ የሚዞረው፣ መቁረጫው በአንድ ዙር የሚሄደው፤ አካፈልሁ፣ አበዛሁ፣ አራት ሰዓት ብዬ ጻፍሁ። ጋሼ ካርዱን አይተው፣ ይህ ብረቱ የሚቆረጥበት ብቻ ነው፣ የሚታሰርበትና የሚስተካከልበት ሰዓትስ የት ገባ ብለው ጠየቁኝ። ፈገግ ብዬ አለፍኋቸው። ሥራው ስምንት ሰዓት ፈጀ። ሥራ አስኪያጁ ከመስታወት ክፍሌ ጠርቶ አወጣኝና ሠራተኛው ሁሉ በሚሰማበት፣ ብረት ለሴት ልጅ አይገባም ያሉት ሰዎች እውነታቸውን ነበር አለኝ። እንባዬ እንዳይታይ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ጋሼ አጠገባችን ማሽናቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ሰምተዋል።

ከዚያ ወዲያ ግምቴ ስቶ አያውቅም። ስድስት ስል ስድስት፣ ዘጠኝ ስል ዘጠኝ። ያው ሥራ አስኪያጅ ለደንበኞች «የሷ ግምት መሬት ጠብ አይልም» እያለ ያስተዋውቀኝ ጀመር። ደረቴን ነፋሁ። መራዊ ያለችው እናቴ ሳትቀር ለጎረቤቶቿ አወራች። ተምሬያለሁ፣ ልምድ አካብቻለሁ፣ ብረት ገብቶኛል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ሞኝ ነበርሁ፤ ሞኝነቱን ይቅር እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

አንድ እሑድ መራዊ ውዬ አደርሁና ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሹም አቦ ወዳለው የኪራይ ቤቴ መሄዱ ስለታከተኝ በቀጥታ ወርክሾፕ ገባሁ። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። የሥራ መግቢያችን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቶርኖው ግን ይዞራል። የጋሼ ነጠላ ተጣጥፎ የመሣሪያ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጧል። ዘንጉ ታስሮ ተስተካክሏል፤ መቁረጫዎቹ ተስለው ተደርድረዋል፤ ማሽኑ ሥር የብረት ፍቅፋቂ ተከምሯል። ሲያዩኝ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጡ። ከኪዳን ስወጣ መንገዴ ነው ብዬ ነው አሉኝ፤ ሳልጠይቃቸው። ካርዱን አነሣሁት። ሥራ የተጀመረበት ሰዓት በዚያ በሚያምር ጽሕፈት ተሞልቷል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል። ያ ሰዓት ገና አልደረሰም። አነበብሁት፤ መልሼ ቦታው አስቀመጥሁት። እንደምን አደሩ ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

የገባኝ ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ግምቴን ልክ ያደረጉት እሳቸው ነበሩ። ሰው ፊት የተዋረድሁባትን ዕለት አይተው፣ ሁለተኛ እንዳትደርስብኝ የራሳቸውን ጠዋት ይጨምሩልኝ ነበር። ካርዱ ላይ ግን አይጽፉትም፤ ከጻፉት ግምቴ መሳሳቱ ይታወቃላ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወጥቶ እጃቸውን ይስማል። ቢያንስ ከነገ ጀምሮ ትክክለኛውን ሰዓት ይጽፋል። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ያንን ጠዋት መቁጠር ጀመርሁ። አንድ ሥራ ስምንት ሰዓት እንደሚፈልግ እያወቅሁ ስድስት እጽፋለሁ፤ ጋሼ ይደርሱበታል እላለሁ። ዋጋችን ዝቅ ስላለ ደንበኛ በዛ። ሥራ አስኪያጁ ተደሰተ። እሳቸው በስጦታ የሰጡኝን ጠዋት እኔ በፕሮፎርማ ሸጥሁት።

ሰውና እህል ጭነው ወደ ደሴቶቹና ወደ ደንቢያ ዳርቻ የሚሻገሩ የጀልባ ባለቤቶች ተባብረው ዐሥር ዘንግ ሊያሠሩ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። የጀልባ ዘንግ ከሞተሩ ተነሥቶ ውሃ ውስጥ ያለውን መዘውር የሚያዞር ረጅም ብረት ነው፤ ጥቂት ከተጣመመ ጀልባዋን እያንቀጠቀጠ ይፈታታታል። ሌላ ወርክሾፕም ዋጋ ሊያቀርብ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ይህ ሥራ እንዳያመልጠን አለኝ። እኔም የቀድሞዎቹን ካርዶች ዘርግቼ ለአንዱ ዘንግ ስድስት ሰዓት ብዬ ጻፍሁ። ዘጠኝ መሆኑን እንደ ስሜ አውቅ ነበር። አሸነፍን። ሥራ አስኪያጁ ሐይቁ ዳር ምሳ ጋበዘንና እኔ የተጠበሰ ዓሣ እያጣጣምሁ በላሁ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ጋሼ ሽሮ አዘዙ። ስድስት ሰዓት ትንሽ አላነሰችም ወይ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ ካሉ ምን ችግር አለ አልኋቸው። ሳቁ።

ሁለተኛውን ዘንግ እንደጨረሱ ባለቤታቸው ታመሙ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት የሚያጥባቸውና የሚያጎርሳቸው ከጋሼ ሌላ ሰው አልነበረም። ጋሼ ኪዳኑም ቀረባቸው። እንደማንኛውም ሠራተኛ ልክ በሁለት ሰዓት ተኩል መግባት ጀመሩ። በካርዶቻቸው ላይም ከዚያች የመጀመሪያ ግምቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት መጻፍ ጀመረ፤ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ዘጠኝ። ቀጠሮው አለፈ። ጀልባዎቹ ዳር ታስረው ባለቤቶቻቸው እየመጡ መስታወቴን ይቆረቁራሉ። እኔ ደግሞ ወደ ጋሼ ማሽን በእጄ አመለክታቸዋለሁ። አዎ፣ እሱንም አድርጌያለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን። ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለኝ። «ግምቱ ነው የተሳሳተው ወይስ እሳቸው ናቸው የዘገዩት?»

«ግምቱ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። ያን ያህል ከባድ መስሎኝ አያውቅም ነበር። ያቺ የመጀመሪያ ቀን፣ ሠራተኛው ሁሉ የሚያየኝ ቀን መጣችብኝ። ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ሄድሁና የካርዶቹን ፋይል ይዤ ተመለስሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«የቀድሞዎቹን ካርዶች ይመልከቷቸው» አልሁት። «ይሄው ዓይነት ዘንግ ሁልጊዜ በስድስት ሰዓት ነው ያለቀው። የሞሉትም ራሳቸው ናቸው።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልሁት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ብዙ ሌሊት ያስታወስሁት ይሄን ነው፤ አለመንቀጥቀጡን።

ጋሼ ከካርዶቹ አንዱን አነሡ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢናገሩ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ታዲያ ማን ቀድመው ይግቡ አላቸው ልል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳል። በመጨረሻ ካርዱን በቀስታ መልሰው አስቀመጡት።

«ጽሕፈቱ የኔ ነው» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ዕድሜያቸውን አንሥቶ፣ የቤት ችግራቸውንም እንደሚረዳ ገልጾ፣ ለእሳቸውም ዕረፍት ይሆናል ብሎ መሣሪያ ግምጃ ቤት መደባቸው። የሙያ አበላቸው ቀረ። እሱም ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን የቆሙበትን ማሽን ሌላ ሰው ያዘው፤ እሳቸው በመስኮት መቁረጫና መለኪያ እያቀበሉ መዝገብ የሚያስፈርሙ ሆኑ። ሲወጡ በሩን ለእኔ ከፍተው ያዙልኝ።

ቶርኖውን የተረከበው ከቆላ ድባ የመጣ፣ አንደበቱ የማያፍር ጎልማሳ ነው። የመጀመሪያውን ዘንግ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጨረሰና ካርዱን መስታወቴ ላይ ለጠፈው። ይህን ስድስት ሰዓት የጻፈው ሰው ማሽን በዓይኑ አይቶ ያውቃል ወይ ብሎ እየሳቀ ጠየቀኝ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደን እሱ ያለ ፍርሃት አንድ በአንድ አስረዳ፤ ማሰሩ ይህን ያህል፣ ማስተካከሉ ይህን ያህል፣ መቁረጫ መሳሉ ይህን ያህል። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ነቀነቀና እንግዲያው አስተካክይው አለኝ። በቃ። ስድስቱን ሰርዤ ዘጠኝ ተኩል ጻፍሁ። አንድ ስኒ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል እንኳ አልፈጀም። ስለ ጋሼ ማንም ምንም አላለም። አንድ ሰው እንዲያነሣው ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንሣት የነበረብኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። አላነሣሁም።

ከዚያ በኋላ በግምጃ ቤቱ መስኮት ላለማለፍ ብዬ ወደ ቢሮዬ በጓሮ እዞር ነበር። መለኪያ ሲያስፈልገኝ ሰው እልካለሁ። ድንገት ዓይን ለዓይን ከተጋጨን ራሳቸው ቀድመው እንዴት ዋልሽ ይሉኛል፤ እኔ ውሃ እሆናለሁ። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሰው የበደለው ሰው ሰላምታ ሲነፍገው ቢያንስ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

አንድ ጠዋት የብረት ውፍረት የምለካበት የራሴ ካሊፐር ተበላሸና ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ የምልከው ሰው አጣሁ። ወደ መስኮቱ ሄድሁ። ባለቤታቸው እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። ማንኪያ መያዝ ጀምራለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ። ካሊፐሩን ከመደርደሪያ አውርደው በጨርቅ መወልወል ያዙ። ከዚያ በላይ መቻል አልቻልሁም።

«ጋሼ» አልኋቸው፤ «ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ፣ እኔ አውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት እንደሚገቡ አውቅ ነበር።»

መወልወላቸውን አላቋረጡም።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያች ሰኞ ካርዱን አንሥተሽ ስታነቢው አይቸሻለሁ።»

እዚያው ቀረሁ። የቢሮው ውስጥ ዝምታ መጣብኝ፤ መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን ለረጅም ጊዜ ያዩበት። የራሳቸውን ጽሕፈት ለመለየት መስሎኝ ነበር። ለካ እሱን አልነበረም የሚያዩት። እንድናገር ጊዜ እየሰጡኝ ነበር፤ ከሚያስፈልገኝ በላይ ሰጥተውኛል።

ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ካሊፐሩን በመስኮቱ አቀበሉኝና መዝገቡን ገልጠው ወደ እኔ አዞሩት። ብዕሩ በክር ታስሯል።

«ፈርሚ» አሉኝ። «የወሰድሽበትን ሰዓትም ጻፊ።»

መስኮቱ ጋ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የሚሉት ነው። ፈረምሁ። ሰዓቱ ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሱን ለማየት ቀና ማለት አቃተኝ።