የዴንማርኳ ገና፣ የእኛ ጾም

ኮልፌ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ሰው ያለማስቀየም ችሎታዬን የሚያህል ሌላ ሙያ አልነበረኝም። ክፍላችን በሙሉ እንደዚያው ነው። ለበሽተኛ "አያምም" ብለን መርፌ እንወጋለን፤ ለአስታማሚ "ነገ ይወጣል" እንላለን፤ ኃላፊያችን ላለችው ሁሉ "እሺ" እንላለን። ስለዚህ ለአንዲት ፈረንጅ እውነቱን እንድነግር መመረጤ ራሱ ስህተት ነበር።

ፈረንጇ ዴንማርካዊት ናት። እግሩ ተሰብሮ የተጠገነን ሰው እንደገና መራመድ የምታለማምድ ባለሙያ ስትሆን፣ ለስድስት ወር በነፃ ልታገለግል ነበር የመጣችው። ሳንሱሲ ሰፈር አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ እኛው በታክሲ ተጋፍታ ትመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን "ስንት ቀን ትቆይ ይሆን?" እያልን አማናት። በሁለተኛው ወር እኛ ስናረፍድ እሷ ቀድማ መገኘት ስትጀምር ደግሞ "ምን ያጣድፋታል?" ብለን አማናት።

የእነሱ ገና ሲቃረብ ሻይ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አገኘችኝ። "እናቴ ዘንድሮ ነው የሞተችው" አለችኝ በእንግሊዝኛ። "ያለ እሷ የመጀመሪያዬ ገና ነው። ብቻዬን መብላት አልችልም፤ አብራችሁኝ ብትበሉ ደስ ይለኛል።" በአገሯ በገና ዋዜማ ሩዝ በወተት ይቀቀልና አንድ ፍሬ ለውዝ ተደብቆበት ይቀርባል፤ ለውዙ የደረሰው ሰው ይሸለማል። "ለሁላችሁም ሩዝ ልሠራ አስቤያለሁ፤ ይሆናል?" ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ጊዜው የገና ጾም ነው። ጴንጤ ከሆነው የላቦራቶሪ ባለሙያችን በቀር ሁላችንም እንጾማለን፤ ወተት አጠገባችን አይደርስም። ለጥያቄዋ የሚበቃው መልስ አንድ ቃል ነበር። እኔም አንድ ቃል መለስኩላት።

"በጣም!"

ለባልደረቦቼ ስነግራቸው በዓይናቸው በሉኝ። ኃላፊያችን "አሁኑኑ ሂጂና ጾም ነው በያት" አለችኝ። "እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? በዚያ ሳምንት ልነግራት ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስት ጊዜ ስለ ብርዱ አውርቼ ተመለስኩ። አንደኛው ቀን ላይ ሁለቱም መዳፎቿ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ አየሁ። ምን ሆነሽ ነው ስላት "ሥራ ነው" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁና ወደ በሽተኞቼ ሄድኩ።

ቀኑ ደረሰ። ግብዣውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደረገችው። ምሳ እንዳንለው የረፈደ፣ እራት እንዳንለው የቀደመ ነው፤ ፈረንጅ ሰዓት አያውቅም ብለን ተስማማን። ሻይ ክፍሉን ከነጭ ወረቀት በቆረጠቻቸው ኮከቦች አስጊጣዋለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ድስት ነጭ ሩዝ ቀረፋ ተነስንሶበት ተቀምጧል። ለእያንዳንዳችን ስትጨልፍ፣ በወጉ መሠረት "ኧረ ይበቃል!" አልን። እሷም ከእኛው በተማረችው ወግ መሠረት "በሞቴ!" ብላ ደረበችልን። ያን ቃል ማን እንዳስተማራት እስካሁን ያመነ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ክፍላችን እስከ ዛሬ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ በቅንጅት አንደኛ ነው። ለበሽተኛ እንዲህ ብንቀናጅ ኖሮ ስንቱ ቶሎ ድኖ በወጣ! የላቦራቶሪውን ሰውዬ ጥግ ላይ አስቀመጥነው። እሷ ፊቷን ስታዞር ሙሉው ሳህን ወደ እሱ ይሄዳል፣ ባዶው ይመለሳል። በመሐል ማንኪያችንን እያነሳን፣ ዓይናችንን እየጨፈንን "እምምም" እንላለን። አንዷ ሳህኗን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ወደ ባኞ ቤት ሄደችና ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

ሦስተኛው ሳህን ላይ ሰውዬው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ሱፍ ሱፍ አይልም እንዴ?" አለኝ።

"ፈረንጅ ሱፍ ከየት ታመጣለች? ዝም ብለህ ብላ!"

"ኧረ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።"

"ለጌታ ብለህ" አለችው ኃላፊያችን፤ ስለ ጌታ ስታወራው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

አምስተኛው ሳህን ላይ ለውዙ ጥርሱ ላይ ተሰበረ። አጨበጨብን። በእጇ የሠራችውን ቀይ ኮፍያ ጭንቅላቱ ላይ አድርጋለት አቀፈችው፤ እሱን ግን መታቀፉ ራሱ ሆዱን አስጨነቀው። ባዶ ሳህኖቻችንን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ጨረሳችሁት!" አለች። "በጣም ይጣፍጣል!" አልናት በአንድ ድምፅ፣ ያለ ምንም ልምምድ።

ሌሎቹ ወደየሥራቸው ተበተኑ። እኔ ዕቃ ላግዛት ቀረሁ። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ሕሊናዬ እንደ ጥርስ ሲነዘንዘኝ ነው። እሷ እያጠበች፣ እኔ እያደረቅሁ፣ "ያለ ወተት ሠርቼው አላውቅም ነበር" አለችኝ።

"ያለ ምን?"

"ያለ ወተት። ጾም ላይ አይደላችሁ?"

አሮጊቷ አከራይዋ አስተምራት ነው። ሱፉን ሁለት ቀን ሙሉ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ሩዙን በዚያ ነጭ ውኃ ቀቀለችው። ፕላስተሩ ከዘነዘናው የመጣ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ያለችውም እስከዚያ እህል የማይቀምሱ አሉ ስለተባለች ነው። እፍረቱን መቻል ሲያቅተኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ በእሷው ላይ ተነሳሁ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?"

"ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነዋ። መልሱን በአማርኛ ስለማመድ ነበር የሰነበትኩት። 'የጾም ነው፣ ብሉ'" አለች፤ ጥርት አድርጋ ተናገረችው። "ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ በላችሁ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። እንደማላሳስታችሁ አምናችሁኛል ማለት ነው፤ አይደል?"

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር። መናገሪያዬ ያኔ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

"እንዴታ!" አልኳት።

ፈገግ ብላ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በሳህን የተከደነ ሩዝ አወጣች። ስታስተናግድ ሳትበላ ቆይታ ለራሷ ያስቀረችው ነው። ሁለት ማንኪያ አምጥታ አንዱን ሰጠችኝና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ርቦኝ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። አንድ ማንኪያ ሞልቼ ጎረስኩ። ሩዙ ልስልስ ብሏል፤ ሱፉ ከቀረፋው ጋር ተዋሕዶ አፌን ሞላው።

"ውይ!" አልኩ ሳላስበው። "ይጣፍጣል እኮ!"

ማንኪያዋ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ፊቴን አየች፣ ባዶዎቹን ሳህኖች አየች፣ ደግሞ ፊቴን አየች።

"አሁን ነው የቀመስሽው?" አለችኝ።