አራት መቶ ዘጠና ዘጠነኛው መጽሐፍ

በማኅበራዊ ጥናት መጻሕፍት አሳታሚው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መዝጋቢውና አርታኢዋ ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ክፍል ሠርተዋል። እሱ የሚታተመውን መጽሐፍ ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ ይመዘግባል፤ እሷ ከመታተሙ በፊት ታርመዋለች። ቀይ እስክሪብቶዋ የሚምረው ስለሌለ ቤቱ በሙሉ «እትዬ ሰረዝ» ይላት ነበር።

ሠንጠረዥ ሲመጣላት የደራሲውን ድምር አታምንም፤ ራሷ ትደምራለች። አንድ ጊዜ አንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ስለ ቤተሰብ ኑሮ ያጠኑትን አመጡላትና ድምሩ መቶ ሦስት በመቶ ሆነ።

«ጋሼ፣» አለቻቸው፣ «ሦስቱ እንግዶች ናቸው?»

ፕሮፌሰሩ ቱግ ብለው ወጡ። በሳምንቱ አስተካክለው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ እሷ ያላየችውን አላሳትምም አሉ።

መዝጋቢውንም አትተወውም ነበር።

«አንተ፣ ከቁጥር በቀር ዘመድ የለህም?»

«አንቺስ ከሰው ስህተት በቀር ምን አለሽ?»

ይሳሳቁና ሁለቱም ወደየወረቀታቸው ያቀረቅራሉ።

ባለፈው ወር አረፈች፤ ውሃ ወረፋ ላይ ስለሚውሉ ሴቶች የተጻፈውን ጥናት አርማ በጨረሰች በስድስተኛው ቀን። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ መዝጋቢው የቤቱን የዜና መጽሔት እያዘጋጀ ነበር። አምስት መቶኛው መጽሐፍ ከነአርታኢው ፎቶ የፊት ገጽ ላይ እንዲወጣ ተወስኗል። የእሷ እንዲሆን ቋምጦ መዝገቡን ቆጠረ፦ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ደገመው። ያው ነው።

ሥራ አስኪያጁ አዘነለት። «ወንድሜ፣ ያንን ሳይቆጠር የቀረውን የጉባኤ ጥራዝ ጨምርበትና ይሙላ። ማን ይቆጥራል?»

ጥራዙ መዝገቡ ላይ ነበር፤ ግን በቀይ ተሰርዟል። ከጎኑ በእሷ የእጅ ጽሑፍ፦ «ይህ መጽሐፍ አይደለም። ሦስት ንግግርና አንድ የምሳ ፎቶ ነው።»

እሷ ከሞተች ወዲህ መዝጋቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አንድ ቁጥር መጨመር የደቂቃ ሥራ ነው። እሷ የሰረዘችውን ለእሷ ክብር ብሎ መመለስ ግን እጁ እምቢ አለው።

በማግስቱ ዜናውን ጽፎ አቀረበ፦ «አራት መቶ ዘጠና ዘጠነኛው መጽሐፋችን ታትሟል።» ከሥሩ የአርታኢዋን ስም ከነአባቷ፣ የሠራችበትን ዘመንና ያረመቻቸውን ሁለት መቶ አርባ አንድ መጻሕፍት አሰፈረ። «እጅግ የምንወዳት ባልደረባችን ነበረች» ብሎ ዘጋው።

«ኧረ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝን ማን ያከብራል?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የቆጠረ ሰው።»

ሥራ አስኪያጁ ማንም ሳይቀመጥበት የከረመውን ወንበሯን ስቦ ተቀመጠና ጽሑፉን እንደገና አነበበው።

«ይውጣ፣» አለ በመጨረሻ። «‹እጅግ› የምትለዋን ብቻ አንሣት። እሷ አታሳልፋትም ነበር።»