ጃሲብ በአባስ የማለ ዕለት

ጃሲብ ጠመንጃ ከመያዙ በፊት በረዶ ተሸካሚ ነበር። ባስራ ውስጥ በሐምሌ ሐሩር ከበረዶ ፋብሪካው የወጣውን ረጅም የበረዶ ግንድ በጆንያ ጠቅልሎ የሚሸከም ሰው፣ ግማሽ ጎኑ ሲንቀጠቀጥ ግማሹ ላብ በላብ ሆኖ ይውላል። አብሮት የሚሠራው የጭነት መኪናው ሾፌር ነኢም ነበር። የነኢም እናት፣ ሰፈሩ በልጇ ስም ኡም ነኢም የሚላት ሴት፣ ሩዝና የባሚያ ወጥ በአንድ ሳህን ትልክና ሁለቱ ከመኪናው ጥላ ስር ተቀምጠው ጥርግ አድርገው ይበሉ ነበር።

እንግሊዞቹ ከተማዋን ሲይዙ ጃሲብ ሊወጋቸው አርባ ጎረምሶች ሰብስቦ አዛዥ ሆነ። በረዶ የለመደ ትከሻ ሮኬት መተኮሻ አልከበደውም። ስለ ጀግንነቱ የተወራው ሁሉ ውሸት ነው አይባልም፤ ሁለቴ ቆስሏል፣ አንዴም የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ሦስት መንደር አቋርጧል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሰፈሩ የማያውቀው ሌላ ነው።

ነኢም ለእንግሊዞቹ ካምፕ በረዶ ማመላለስ ጀምሮ ነበር። አንድ ሰው «ከበረዶው ጋር የእኛን ስም እያቀበለ ነው» አለ። ጃሲብ ነኢምን ጠርቶ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አልጠየቀም። ከኢራን ጋር በተደረገው ጦርነት አናታቸው ተቆርጦ ወደ ቀሩት የቴምር ዛፎች፣ ወንዙ ዳር ወስደውት፣ ጎረምሶቹ የአዛዣቸውን ዓይን ሲያዩ ጃሲብ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ እዚያው ተቀበረ። በሳምንቱ እውነተኛው ስም አቀባይ ተያዘ። ወሬውን የነገሩት ምሳ ላይ ነበር። ጃሲብ ሰማና ሳህኑን ጨርሶ ተነሣ።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ጃሲብ ጢሙን አሳጠረ፣ ያለ ከረቫት ሙሉ ልብስ ለበሰ፣ ጣቱ ላይ ትልቅ የዓቂቅ ድንጋይ ቀለበት አጠለቀ፣ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተመረጠ። ሐጂ ጃሲብ ተባለ። ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ ቧንቧ እየተናገረ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ተማረ። ነኢም ከጠፋ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላ ለፓርላማ ቀረበ፤ በየግድግዳው «የድሃው ልጅ» ከሚል ጽሑፍ በላይ ፈገግ ብሎ ተሰቀለ።

ከምርጫው አሥር ቀን በፊት፣ በጎሳው የሸምበቆ አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ ወንድ ተቀምጦ ሳለ ኡም ነኢም ገባች። ጥቁር ዓባያዋን እየጎተተች መሐል ቆመች።

«አንቺ ሴት፣ የወንዶች ጉባኤ ነው እኮ» አላት አንዱ።

«ወንድ ካለማ ይናገር» አለች። ከዚያ ወደ ጃሲብ ዞረች። «አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስረግምህ ኖርኩ። ልጄን የበላው እሱ ነው እያልኩ። እኔም ደከመኝ። በፈጣሪ ማልልኝ አልልህም፤ በፈጣሪማ ዓሣ ሻጩም ይምላል። ነኢም የት እንደደረሰ እንደማታውቅ በአባስ ማልልኝና ልረፍ።»

እዚያ አገር በፈጣሪ ስም ዋሽቶ የሚያድር ሞልቷል፤ ፈጣሪ ታጋሽ ነው ይላሉ። ከርበላ የተቀበረው ሰማዕት አባስ ግን ቁጡ ነው፣ በሐሰት የማለበትን ሳይቀጣ ውሎ አያድርም። በስሙ ከመማል ጥፋቱን አምኖ ካሳ የሚከፍለው ይበዛል።

የጎሳው ሼክ ጃሲብን እያየው ነው። ሦስት መቶ ሰው እያየው ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀኝ እጁን አነሣ።

«በአባስ እምላለሁ፣ አላውቅም።»

ኡም ነኢም ተንደርድራ ትከሻውን ሳመችው። «ይቅር በለኝ ልጄ! ስምህን ያጠፋሁ፣ ይቅር በለኝ!» እያለች አለቀሰች፤ አብሯት ያለቀሰው ወንድም ብዙ ነው። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያወራው ይህንኑ ነበር። ጃሲብ አሸነፈ።

ከዚያ ወዲያ ቅጣቱን ይጠብቅ ጀመር። የመኪናው ጎማ ሲፈነዳ መጣ ይላል። ሆዱን ሲቆርጠው መጣ ይላል። ምንም አልመጣም። ፓርላማ ውስጥ እንቅልፍ ሸለብ የሚያደርገው ጤነኛ፣ ወፍራም ሰው ሆነ። የሚያሳፍረው ይኸው ጤንነቱ ነበር።

የከርበላ ሰማዕታት አርባ በሚታሰብበት በአርባዒን ሰሞን፣ ኡም ነኢም የስለት ሐጃ እንዳላት ለጎረቤት ተናግራ ወጣች። ጃሲብ ሰምቶ ከባግዳድ ሲበር መጣና መንገድ ላይ ደረሰባት። በስድሳ ስምንት ዓመቷ፣ በነጠላ ጫማ፣ ከሕዝቡ ጋር ወደ ከርበላ በእግሯ እየሄደች ነው።

«መኪና ውስጥ ግቢ እናቴ፣ ላድርስሽ።»

«በመኪና ምን ዋጋ አለው? ንጹሕ ሰው የረገምኩበትን ኃጢአት ነው የምከፍለው። ሂድ፣ አንተ ሥራ አለህ።»

ጃሲብ በሩን ከፍቶ እንደያዘ ቀረ። ከአጠገቡ የሚያልፉት መንገደኞች አውቀውት «አላህ ያቆይህ ሐጂ» ይሉታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

በአሥራ ስምንት ቀን ደርሳ በሌላ ሰው መኪና ተመለሰች። እግሯ ቆስሎ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ባስራ ወዳለው የጃሲብ ቢሮ መጣች። በእጇ ከአባስ መቃብር ጋር የታሸ ሁለት አረንጓዴ ቁራጭ ጨርቅ ይዛለች።

«እጅህን ስጠኝ።»

ሰጣት። አንደኛውን አንጓው ላይ አጥብቃ አሰረችው። «ይኼ ላንተ፣ ካሳ ነው። ይኼኛው የነኢም። ፈልገህ ስታገኘው አንተው እሰርለት።»

«እናቴ፣ እኔ ነኝ» አለ ጃሲብ።

«ምኑ?»

«ነኢምን ያስገደልኩት እኔ ነኝ።»

ኡም ነኢም አዘነችለት። «ደክሞሃል፣ ልጄ። ይኼ ፓርላማ አናወዘህ። በአባስ ምለሃል እኮ።»

«በሐሰት ነው የማልኩት።»

«በሐሰት ብትምልማ ይኼኔ እንዲህ ፋፍተህ ትቀመጥ ነበር? ተው፣ እንዲህ አይቀለድም።»

እያስረዳ ተጨነቀ። ቴምሮቹን ነገራት፣ ቀኑን ነገራት፤ ራሷን እየነቀነቀች አላምንም አለች። በመጨረሻ፣ «ቡኒ ሸሚዝ ለብሶ ነበር» አላት። «ሁለተኛው ቁልፍ በነጭ ክር የተሰፋ።»

ኡም ነኢም ራሷን መነቅነቋን አቆመች። «ቡኒ ክር አልቆብኝ ነው» አለች።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ረፋድ ነበር። ጃሲብ ሾፌሩንና ጠባቂዎቹን አስቀርቶ ከፊት ከፊት ሄደ፤ ቦታው ከሦስተኛው ቴምር ሥር ነው፣ ሳይሳሳት ቆመ። ኡም ነኢም መሬት ላይ ተቀምጣ አፈሩን በመዳፏ ስታብስ፣ ስታብስ ቆየች። አላለቀሰችም፤ እሱ ነው ያለቀሰው።

«ለመንግሥት እጄን እሰጣለሁ» አላት። «ለሼኩም እነግራለሁ። የፈረድሽብኝን እቀበላለሁ።»

ኡም ነኢም ተነሥታ መጣችና እጁን ያዘች። አረንጓዴውን ጨርቅ ልትፈታ ሞከረች፤ ራሷ ነች አጥብቃ ያሰረችው፣ ጣቷ አልቻለውም። ጎንበስ ብላ በጥርሷ ፈታችው። እስትንፋሷ አንጓው ላይ ሞቀው። ጨርቁን ከሌላኛው ጋር አጣጥፋ በደረቷ ከተተችና ወደ ልጇ ተመለሰች።

ጃሲብ እጁን እንደዘረጋ ቆሟል።

«አውርደው» አለችው፣ ሳትዞር።